አማች ልመዝን ፏፏቴ ወረድሁ

ቢቸና፣ ማለዳ

ቅዳሜ ጧት ከቢቸና የተነሣሁት ፏፏቴ ለማየት ነው ብዬ ነው። ለጎረቤት የነገርሁት ይኸንኑ ነው፤ ባለቤቴን አሰገደችን ግን እንዲህ ያለ ወሬ አያታልላትም። «ዕድሜህን ሙሉ ጤፍ ስትነግድ ኖረህ፣ ዛሬ ውኃ ሲወርድ ማየት አማረህ?» አለችኝ ጋቢዬን እያቀበለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ የሄድሁት ሰው ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ስመኝ ሞጣ ላይ አዋላጅ ነርስ ናት። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከሞጣ መጥተው በራችንን አንኳኩ፤ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን አሉ። ልጃቸው ይበልጣል ይባላል። ሥራው አስጎብኚነት ነው፤ ለእንግዳ ጫካና ገደል እያሳየ ይከፈለዋል። እኔም በልቤ «ገደል ማሳየት ደግሞ ሥራ ሆነ?» አልሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው በጠባዩ ይበልጣል፣ በትምህርቱ ይበልጣል፣ ሰው በማክበሩ ይበልጣል እያሉ በስሙ ሲጫወቱ፣ ድንገት ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ። «ይበቃል» አልሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሌላ አገር ቢሆን ይኸ ተራ ቃል ነው። የኛ አገር ግን የቅኔ አገር ነው፤ ሰው እንደምን አደርህ ሲልህ እንኳ ሰሙን ትተህ ወርቁን ትፈልጋለህ። አንደኛው ሽማግሌ «ወሬው ይብቃ ማለታቸው ነው፤ አባረሩን» አለ። ሁለተኛው «የለም፣ ልጁ ብቁ ነው፣ ለልጄ ይበቃታል ማለታቸው ነው» ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ «ይበልጣል ብንላቸው ይበቃል አሉን፤ ይኸማ ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና ነው!» ብሎ አጨበጨበ። እየተጨቃጨቁ ወደ አገራቸው ሄዱ። ስመኝ ለዕረፍት ቤት መጥታ ነበርና ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የሚያሳዝነው፣ ምን ማለቴ እንደነበር እኔም አላውቅም። አሰገደች «ልጁን ማየት ከፈለግህ አስጠራው» ብትለኝ፣ ነገሩ ሳያልቅ ከአማች ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ነውር ነው አልኋት። ጤፍ በእፍኝ ዘግነው ሳያዩ አይገዛም። እንደማንኛውም ጎብኚ ማንነቴን ሳልናገር ግማሽ ቀን አብሬው እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ እሺ ወይም እምቢ።

መንገድ ላይ

መንገዱ ሰላም ነው ከተባለ ሰንብቷልና ሚኒባሱ ቶሎ ሞላ። ጥቅምት ስለሆነ ከከተማው እንደወጣን ግራ ቀኙ ጤፍ ብቻ ነው፤ ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ወደ ቢጫ ያዘነበለ። ልማድ ሆኖብኝ ማሳውን እያየሁ የዘንድሮን ዋጋ አሰላለሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደወይን ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ፤ መንገድ ዳር ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለው ይሸጣሉ። ትኩስ ነበር፣ ምላሴን አቃጠለኝ።

ጎኔ የተቀመጡት ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ። ድንቹን አብረን ስንበላ ወሬ አነሣሁ።

«ሐጂ፣ ይበልጣል የሚባል አስጎብኚ ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቀውም! የጎረቤቴ ልጅ ነው።»

«አባቱ ምን ይሠሩ ነበር? እናቱስ ከየት ወገን ናት? ልጁ መጠጥ ይወዳል እንዴ?»

ሐጂ የያዙትን ድንች አስቀምጠው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «አንቱ፣ ፏፏቴ ልታዩ ነው የምትሄዱት፣ ወይስ ልጅ ልትድሩ?»

«ኧረ ሐጂ! እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው።»

«ገደል የሚወርድ ሰው የመሪውን እግር ይጠይቃል እንጂ የእናቱን ወገን አይጠይቅም» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጁ ጨዋ ነው። ወሬ ያበዛል። ደግሞ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ይኸን እወቁለት።» ከዚያ በኋላ እስከ ሞጣ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሳይ ሄድሁ።

ሞጣ

አንድ ጎብኚ ይመጣል ብዬ በሰው አስደውዬለት ነበርና ይበልጣል መናኸሪያው በር ላይ ዱላ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። አጭር ነው፤ ቀጭን፤ ኮፍያው ቀለሙን ፀሐይ የመጠጠው። በልቤ «ይኸ ነው የሚበልጠው?» አልሁ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ ማን ልበል?»

«ዘውዱ። ከደጀን ነኝ።» ስሙም አገሩም ውሸት ነበርና ከአፌ ሳይወጣ ጆሮዬ ጋለ።

«ከደጀን» ብሎ ደገመና እግሬን አየ። ለክብር ብዬ የክት ቆዳ ጫማዬን አድርጌ ነበር። «ጋሼ ዘውዱ፣ በዚህ ጫማ አንወርድም» አለኝ። እኔ ተከራከርሁ፣ እሱ ፈገግ አለ፣ በመጨረሻ አንድ ሱቅ ገብተን የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ኩራቴን ግን ጎዳው። ከሱቁ አጠገብ ምስሩ ቃሪያ የበዛበት ሳምቡሳ ከሻይ ጋር በልተን በባጃጅ እስከ ጫካው አፍ ሄድን።

ቁልቁለቱ

ጫካው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰው ምሳር ይዞ ስለማይገባበት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይበልጣል ኮፍያውን አውልቆ ቅጥሩን ተሳለመ፣ እኔም ተሳለምሁ። ከዚያ ወዲያ ፀሐይዋ ጠፋች። ዝግባው፣ ወይራው፣ ዋንዛው ተቃቅፏል፤ ከታች ሐረግና ሳማ፣ ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያወዛወዙ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላሉ። መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ስለሆነ እግር ይሰምጣል፣ ደግሞም ያንሸራትታል። ኮንጎውን በልቤ አመሰገንሁት፤ ለእሱ ግን አልነገርሁትም።

ወሬ ያበዛል የተባለው እውነት ነው። ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው ኮሌጅ የገባው፤ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ካልተረጎመው አይለቅም። አንዱን ትልቅ ዝግባ እያሳየ «ይኸን ዛፍ አንድ ባሕታዊ በትሩን ቢተክል በቀለ ይባላል» አለኝ።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

ራሱን አከከ። «ለሩቅ እንግዳ እኔ ነኝ የምለው። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም።» ሳቄ አመለጠኝ።

ቁልቁለቱ ሲበረታ ፊት ፊቴ ይሄድ ጀመር። «ስንወርድ እኔ ፊት፣ ስንወጣ እኔ ኋላ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ከወደቁ እኔ ላይ እንዲወድቁ ነዋ!»

ፏፏቴው ፊት

አጓሪት ይሉታል ፏፏቴውን፤ ድምፁ ከመታየቱ በፊት ደረት ውስጥ ይገባል። ጫካው ድንገት ሲከፈት ውኃው ከጥቁር ገደል ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ከግርጌው ያለው ሣር ሁሉ በነፋስ ይርገበገባል። እንሶስላው በየድንጋዩ ሥር አብቧል። ሁለታችንም እየጮኽን ነበር የምንነጋገረው። ያን ያህል ዘመን ከዚህ ቅርብ አገር ኖሬ አለማየቴ ቆጨኝ።

ከውኃው ጀርባ ዋሻ አለ። ለመግባት የሚያስችለው ብቸኛ መንገድ በውኃ የራሰ፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የለበሰና የሚያዳልጥ ዐለት ነው። ልገባ ተነሣሁ። ይበልጣል መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ከዚህ አላሳልፍዎትም።»

«ከፍዬ የለም እንዴ!»

«ገንዘብዎን ልመልስልዎት እችላለሁ። እርስዎን ለቤትዎ መልስ ቢሉኝ ግን ከየት አመጣለሁ?»

ተናደድሁ። ገበያ ላይ ስናገር ሚዛን የያዘ ሁሉ ዝም ይላል፤ ይኸ የልጄ እኩያ ደግሞ መንገድ ይዘጋብኛል! አጉረመረምሁ፣ ጉልበቴ ከወጣት አያንስም አልሁ። እሱ አልተቆጣም፣ አልተለማመጠምም፤ ዱላውን አጋድሞ ቆመ። መጨረሻ ላይ ተመልሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ንዴቴ በረድ ሲል አንድ ነገር ገባኝ፤ ልጄ ከዚህ ሰው ጋር ገደል አፋፍ ብትቆም አያስገባትም።

ከፏፏቴው ራቅ ብለን ዳቦ ቆርሰን ስንበላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የዕድሜ ባለጸጋ ነዎት» አለኝ። «አንድ ቃል ይፍቱልኝ።» ከዚያም የራሴን ታሪክ ለራሴ ነገረኝ። ሽማግሌ ልኮ የልጅቷ አባት «ይበቃል» ብለው ወደ ጓሮ እንደወጡ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እንዳልተስማሙ። ዳቦዬን አስቀመጥሁ።

«ባሕር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። አባቷ እሺ ካሉ እዚሁ እቀራለሁ፤ እሷ ሞጣ ናትና። እምቢ ከሆነ ደግሞ እሄዳለሁ። በየቀኑ በሥራዋ በር እያለፍሁ መኖር አልችልም።»

«ሰውየው እንዴት ያለ ሰው ነው?» አልሁት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ማን ይችላል?

«ልጃቸው ስለ እሳቸው ስታወራ ትወዳቸዋለች። ትፈራቸዋለችም።»

የመጀመሪያውን ሰምቼ ደስ ሊለኝ ሲል ሁለተኛው ቀደመኝ። «ምናልባት ሰውየው ወርቅም ሰምም አልተናገረም» አልሁ። «ልጁ ከቤት ልትወጣበት መሆኑ ድንገት ታወቀው፣ እንባው መጣ፣ ሰው እንዳያየው አፉ ላይ ያገኘውን ብሎ ወጣ።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?»

«ይታገሡታል።»

«ሰኞ እኮ ነው ጋሼ!»

«እሑድስ የት ሄዳ?» አልሁት። የተረፈውን ዳቦ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ተነሣን።

አቀበቱ

መውጣቱ ከመውረዱ ይከፋል። ጉልበቴ ከግማሹ በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይበልጣል እንዳለው ከኋላዬ ሆነ። አልደገፈኝም፣ «አይዞዎት» እያለ አላዋረደኝም፤ እኔ ስቆም የሚያየው ወፍ ያገኛል፣ እኔ ስሄድ ወፉ ይጠፋዋል። አንድ ቦታ እግሬ ከዳኝና ወደ ኋላ ዘመም ስል መዳፉ ጀርባዬ ላይ ነበር። ሳልዞር «እግዜር ይስጥህ» አልሁት። እዚያ ላይ ወደድሁት። ሥራውንም መናቄ ቀረ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ «ጋሼ ዘውዱ፣ ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታ ያድርሱልኝ» አለ። እስከ ቢቸና ድረስ እሺ የምልበትን አፍ ሳሳምር መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የዛሬን ያህል ሰው የመዘንሁ አልመሰለኝም።

ቢቸና፣ ሲመሽ

በሩን የከፈተችልኝ ስመኝ ናት። «አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ጉልበቴን ማን ነገረሽ?»

«ይበልጣል ደውሎ ነበር። ስልኬ ላይ ፎቶዎን አይቶት ያውቃል፤ ገና ከሚኒባሱ ሲወርዱ ነው የለየዎት።»

አሰገደች «የደጀኑ አቶ ዘውዱ፣ እንኳን ደኅና መጡ!» ብላ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለካ ያ ሁሉ «አንድ ቃል ይፍቱልኝ» እኔው ላይ የተዘረፈ ቅኔ ኖሯል!

«ታዲያ አውቆኝ ለምን ዝም አለ?»

«ሊያዩኝ ከመጡ በደንብ ይዩኝ ብሎ ነው።»

ተቀመጥሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ደግ። አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ይመለሱ፣ እሺ ብያለሁ» አልሁ። አሰገደች እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ የስመኝን ፊት ስታይ ግን መልሳ አወረደችው። ልጄ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። መሬት መሬቱን እያየች ቆማለች።

«ምነው? የፈለግሽው ይኸን አልነበረም?»

ቀና አለች። «እሱን ለመጠየቅ ሞጣ ድረስ ሄዱ፣ ገደል ወረዱ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ቤት ነበርሁ፣ አባባ።»

ቀኑን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከእጄ ላይ ወደቀ። ስለ እሱ ሐጂን ሳይቀር ጠይቄያለሁ፤ እሷን ግን አልጠየቅሁም። ልጠይቃት እንደሚገባም አልታየኝም ነበር፤ ያፈርሁት በዚህ ነው። ከአጠገቤ ቦታ ለቅቄ «ነይ፣ ተቀመጪ» አልኋት። «አሁን እጠይቅሻለሁ። ትፈልጊዋለሽ ወይ?»

«እፈልገዋለሁ» አለች። እኔ ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል እሷ ገና መጀመሯ ነበር። ከዚያ ገደል ሥር ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡ አንዱ ተሸካሚ እሱ እንደነበር፣ ልጁ እስኪወለድ በር ላይ ቆሞ እንደጠበቀ ነገረችኝ። ቢያገባትም ሥራዋን እንደማትተው፣ ባሕር ዳር ቢሄድ እንደማትከተለው፣ ይኸንንም ለእሱ እንደነገረችው፤ እኔ እምቢ ብል ኖሮ ምን ልትለኝ እንዳሰበች፣ ልትለኝ ሳምንቱን ሙሉ ሞክራ እንዴት እንዳቃታት። እናቷ እራት አቀረበች፣ ቀዘቀዘ፣ ማንም አልነካውም።

በማግስቱ ጧት ለሽማግሌዎቹ ደውዬ ልጄ ፈልጋዋለችና ኑ ብያቸዋለሁ፤ ይኸ ቀላሉ ነው። ያን ምሽት ግን ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ይህን ያህል ዓመት አባቷ ሆኜ ስኖር፣ ልጄ ያን ያህል ስታወራ ስሰማት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።