የእማማ አሪያት ዲሽ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። ብቻዬን ስጸልይ እንኳ ጫፉን ነካ አድርጌ አልፈዋለሁ። እግዚአብሔር ያውቀዋል ብዬ ኖርኩ። እግዚአብሔርማ ያውቃል! የማያውቁት እማማ አሪያት ናቸው። እንግዲህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ፤ ስትሰሙኝ ግን አታባብሉኝ።

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ዲሽ ሠራተኛ ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ አጠገብ እስከ ዛሬ ያርሳሉ፤ እኔ ማረሻውን ትቼ ጣሪያ ለጣሪያ ቀረሁ። «ዲሽ ከሆነ እሱን ጥሩት» ሲባል ልቤ ያብጣል። ያጠፋኝም ይኸው እብጠት ነው።

እማማ አሪያት የአኙዋ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ጎረቤቴ፣ የጸሎት ኅብረታችን መሪ። አንዲት ልጃቸው አኬሎ ናይሮቢ ሄዳ ዘማሪ ሆነች፤ ለዓመታት አልተያዩም። ቪዲዮ ይደወልላቸው እንዳትሉኝ፤ የዚያን ጊዜው ኔትወርክ ድምፅ እንኳ እየቆራረጠ ነበር የሚያመጣው። እናም አኬሎ የምትዘምርበት ጣቢያ በአዲስ ሳተላይት ሊተላለፍ ነው ሲባል እማማ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው» አሉኝ። «ሐኪም፣ የሄደው አይመለስም ብሏል። አኬሎን ሳላይ እንዳይጨልም፣ ቶሎ።» ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ሳተላይቱ ሲመጥቅ የሚያሳየውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ያወረድኩትን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እኔ አስተማሪ ሆኜ! ሮኬቱ የአንድ ጊዜ ነው፣ ሸክሙን አድርሶ ራሱ ይቀራል፤ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹን አንዴ ካሰርነው በቃ፣ አይነካም አልኩ። ሁሉም እውነት ነበር። ሮኬቱ ሰው እንዳልጫነ ግን አልተናገርኩም፤ ማን ይጠይቃል ብዬ።

ጣቢያው በጀመረበት እሁድ ምእመኑ ከቸርች ወጥቶ በቀጥታ እማማ ግቢ ገባ። ወንበር ተደረደረ። እማማ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔ ዲሹን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ ቀና አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፤ ሲግናል የለም። ላብ በላብ ሆንኩ። አንዱ ከኋላ «በወሬ ግን አንደኛ ነው!» አለና ተሳቀ። ያቺ ሳቅ! «አቃተኝ» ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል ናት። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ያነበብኩ መስዬ፣ «ወይኔ፣ መንገድ ላይ ፈንድቷል። ያ ያየነው ሮኬት ሳተላይቱን ሳያደርስ ፈንድቷል፤ ወሬው ገና አሁን ወጣ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እማማ፣ «ሰዎቹስ? ውስጡ ያሉት ልጆችስ?» አሉ።

ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ሰው የለበትም እማማ ብል ምን እሆን ነበር? ከሳቁ ያመለጥኩ መስሎኝ ስለነበር ግን አፌ ተሳሰረ፤ ዝምታዬን ሐዘን አድርገው ወሰዱት። እማማ ተነሡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ በአኙዋኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱ፦ «ጌታ ሆይ፣ የእነዚህን ልጆች እናቶች አጽናና።» ሰው አለቀሰ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። አሜን አልኩ እኮ!

በማግስቱ ሄጄ ሳይ ለካ የጋረደው የማንጎ ዛፍ ነው። የግቢው ትልቁ ማንጎ፣ ልክ ዲሹ በሚያይበት አቅጣጫ ቆሟል። ዲሹን ወደ ማዶው ጥግ ማዛወር የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አልነበረም። አላዛወርኩም። ካዛወርኩ፣ ጠፋ ያልኩት ሳተላይት ምስል ሊያመጣ ነው፤ ውሸታም ልባል ነው። አኬሎ ደውላ «አያችሁኝ ወይ?» ስትል ደግሞ፣ ለእማማ «እነሱ ጋ በሌላ መንገድ ነው የሚታየው» ብዬ ሸፈንኩ። እማማ ባገኙኝ ቁጥር «ሌላ ሮኬት መቼ ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «የአንድ ጊዜ ነው እማማ፣ አዲስ መሥራት ጊዜ ይፈጃል» እላቸዋለሁ። የማውቃትን እውነት ለውሸቴ ዘበኛ አደረግኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ እያደር ከበደ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ «ሌላ ተልኳል» ብዬ ዲሹን አዛወርኩ። ምስሉ ወዲያው መጣ፤ አኬሎ ጥርት ብላ ትዘምራለች። እማማ ድምፁን ሰምተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፣ በጣም ተጠጉ፣ ከዚያ መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ወፍራለች? ከስታለች?» ብለው አጠገባቸው ያሉትን ጠየቁ። መልሱን ሰምተው ወደ እኔ በኩል ዞሩና ፈገግ አሉ። «ተመስገን ልጄ፣ እነዚህኞቹ ልጆችስ በሰላም ደረሱ» አሉኝ።

አንዳንዴ፣ ዓይናቸው መጥፋቱ አይቀርም ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። አዎ፣ አይቀርም ነበር። «ቶሎ» ያሉኝ ለዚያ አልነበር? ወጣት ነበርኩም አልልም፤ አፍሬ ነው የዋሸሁት፣ ያፈርኩትም በአንድ ሳቅ ነው። እኔ ዋሸሁ፣ እኔ ደበቅኩ፣ እኔ ዘገየሁ።

እማማ እስከ ዛሬ እሮብ እሮብ በጸሎት ላይ የእነዚያን እናቶች ነገር አይረሱም። እኔም እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከእንግዲህ አልችልም። በዚህ እሮብ ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ እነሣለሁ። ይቅርታ በመለመን አልጀምርም፤ ያን ካልኩ ያጽናኑኛል፣ አውቃቸዋለሁ። በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ እላለሁ፦ «እማማ፣ ሮኬቱ አልፈነዳም፤ የሞተ ልጅም የለም። ዓይንዎ ሳይጠፋ አኬሎን ማየት ይችሉ ነበር፤ የከለከልኩዎት እኔ ነኝ።» ከዚያ የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።