የአዘቦት ቀን ጫማ

ሰኞ፣ ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ለአንዲት ፊርማ ነው። የምሠራበት የጥናት ቡድን የዝሆኔ በሽታን ሲከታተል ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእኛ አገር ያለው ዓይነት በትንኝም በትልም የሚመጣ አይደለም፤ ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር የረገጠ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ቡድናችን ከሉማሜ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ ለታማሚዎች አንድ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ሰጥቷል። ለእግር ማጠቢያ የሚሆን ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪናና ቅባትም በጤና ኬላው በኩል ያድላል። አሁን ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ስለቀነሰ የትኛው ሥራ ይቀጥል፣ የትኛው ይቁም የሚለው በያዝነው ሳምንት ዓርብ በስብሰባ ይወሰናል። ረቂቅ ሪፖርታችን ይቁም ከሚባሉት ውስጥ ይህችን ቀበሌ አስገብቷታል። ምክንያቱም ሰዎቹ ጫማውን እያደረጉ እግራቸው አልተሻለም የሚል ነው።

ሪፖርቱ ከመታሸጉ በፊት አንድ ሰው አሥር ቤት በዓይኑ አይቶ መፈረም ነበረበት። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሁለት ጊዜ ልሄድ ተነሥቼ መንገድ ተዘግቶ ቀርቻለሁ። ለሦስተኛው ገብርኤልን መረጥኩ፤ በበዓል አራሹ አያርስም፣ አራሚውም አያርምም፣ ሁሉም ከቤቱ ይገኛል። መረጃ ሰብሳቢዎቻችንን በበዓል ቀን ብቻ የመላክን ዘዴ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ነዳጅና ቀን ቆጥቧል ተብዬ በስብሰባ ተመስግኜበታለሁ፤ ምስጋናውንም ሳላቅማማ ተቀብያለሁ።

የሚኒባሱን ሹፌር መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እስከ አሁን ደህና ነው ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ደርሰን እናያለን።"

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሉማሜ ገባን። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ስላደረ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ አረንጓዴና ቀይ ነበር፤ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ከናካቴው አልታየም። ፍልሰታ ከተፈታ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ሻይ ቤቶቹ ሥጋ ሥጋ ይሸታሉ። ከአንዱ ገብቼ ጥብስ በላሁ፤ ጥብሱ ለጥርስ ያስቸግር ነበር፣ ሻዩ ግን ጥሩ ነው። ከዚያ ባጃጅ ይዤ አስፋልቱን ለቀቅን። ባጃጁ እስከ ወንዙ ብቻ ነው የሚሄደው። ሾፌሩ አሥር ሰዓት ላይ ሊወስደኝ ተስማማና፣ "ዝናብ ካልጣለ ነው ታዲያ" ብሎኝ ተመለሰ።

አምስት ሰዓት፣ በቀበሌዋ

ከወንዙ ማዶ ትርንጎ ጃንጥላ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ለታማሚዎቹ ሳሙናውንና በረኪናውን የምታድለው፣ አስተጣጠቡንም ቤት ለቤት የምታስተምረው እሷ ናት። ቀጭን ናት፣ ስትራመድ አትያዝም። አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ሄድን፤ እኔ እያለከለክሁ፣ እሷ እያወራች።

ደብሩ ገብርኤል ስለሆነ ቅዳሴው ገና መውጣቱ ነበር። በቅጥሩ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። የእኛን ጫማዎች ወዲያው ለየኋቸው፤ ያበጠ እግር እንዲይዙ ተብለው በልዩ ልክ የተሠሩ ሰፋፊዎች ናቸው። ጭቃ ያልነካቸው፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ቀረብ ብዬ ሳይ ለእግር ቁስል የሰጠነው ቅባት ተቀብተዋል። ሰዉ ጫማውን ይህን ያህል ከወደደው ምን ጎደለ ብዬ አለፍኩ።

ዘጠኝ ቤት አየሁ። በዘጠኙም ቤት ታማሚው ጫማ አድርጎ ተቀበለኝ፤ በዘጠኙም እግሩ እንዳበጠ ነው። አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ካልሲም ጭምር አድርገው ጠበቁኝ። ልክ ሪፖርቱ እንዳለው ነበር።

አሥረኛዋ ወይዘሮ ያልጋነሽ ናቸው። ሥልሳ የተጠጉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው በባዶ እግራቸው ጠበቁኝ። እግራቸውን ግን ከመዝገቡ ጋር ሳስተያየው ገረመኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚታቸው አይለይም ነበር፤ አሁን አጥንቱ ይታያል፣ ቆዳው ለስልሷል።

"እትዬ ያልጋነሽ፣ ዛሬ ጫማ አድርገዋል?"

"ዛሬስ የለም።"

ትርንጎ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። "ቅጹ የሚጠይቀው የዛሬን ነው" ብዬ አቋረጥኋት። ጫማ፦ የለም። እግር፦ ተሽሎታል። እንዲህ ብሎ መጻፍ ለሪፖርታችን እንዴት እንደሚመች እየታወቀኝ ጻፍሁ። ጫማ ያደረጉት ዘጠኙ አልዳኑም፣ ያላደረጉት አንዷ ዳኑ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ፊርማዬን ላኖር ስል ዝናቡ መጣ፤ ወረቀቱ እንዳይርስ ሳልፈርም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አላባራም። ወንዙ ሞልቶ ባጃጁ ቀረብኝ፤ ኔትወርክም ስለሌለ ለቤቴ ሳልደውል ጤና ኬላው ውስጥ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ አደርሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

በሃያ በዚያ አገር በዓል የለም። ማግስቱ ሃያ አንድ ማርያም ስለሆነ ሁሉም ዛሬውኑ አረሙን ሊጨርስ ማልዶ ወጥቷል። ወንዙ ጎድሎ እንደሆነ ለማየት ከትርንጎ ጋር ወረድን፤ መንገዱም በጤፍ ማሳዎች መካከል ነው።

ትናንት በጫማ ያየኋቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ። አጎንብሰው ያርማሉ፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። በአንዳቸውም እግር ጫማ የለም። አያ ሞላም ሱሪያቸውን ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ቆመዋል።

"አያ ሞላ፣ ጫማው የት ሄደ?"

"ከሣጥን ነዋ።"

"ምነው?"

"ይኸን ጭቃ በእሱ ልርገጠው? ዛዲያ ነገ ለማርያም ምን አድርጌ ልሂድ?"

"ትናንት ጫማ አደርጋለሁ ብለውኝ አልነበር?"

ቀና ብለው አዩኝ፤ የተቆጡ አይመስሉም፣ ያዘኑልኝ ይመስላሉ። "ዛሬ ጫማ አድርገዋል ወይ ነው ያሉኝ። አድርጌ ነበር። ምኑን ዋሸሁ?"

ምኑንም አልዋሹም። መጠይቁን አውጥቼ አነበብሁት፤ ጥያቄው እንዳሉት ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ዓመት በዓል እየጠበቅን ሄደን፣ ሰው አፈር በማይነካበት ቀን ስለ አፈር ስንጠይቅ ኖረናል።

ወደ ትርንጎ ዞሬ ትናንት ልትነግረኝ የነበረው ይህንኑ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ለእናንተው ሱፐርቫይዘርም ነግሬ ነበር ጋሼ። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አለኝ።"

ከማሳው ዳር አንድ ሰው ብቻ ጫማ አድርጎ ያርማል። ወይዘሮ ያልጋነሽ ናቸው። ጫማቸው ጥቁር መሆኑ ቀርቷል፤ ጎኑ በሲባጎ ተሰፍቷል፣ አፍንጫው ተቀዷል፣ ግን እግራቸው ላይ ነው። ወደ እሳቸው ልሻገር ስል አንድ እግሬ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ስስበው እግሬ ብቻ ወጣ፤ ጫማዬ ከነካልሲዬ እዚያው ቀረ። ሴቶቹ አረማቸውን ትተው ሣቁ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ግን አልሣቁም።

"ይምጡ ወዲህ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ እንዲህ ሆነው አይሄዱም።"

የሳፋው ውኃ

በራቸው ላይ አስቀመጡኝና ሳፋውን አመጡ። ውኃ ሞሉበት፣ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሡ፣ አንድ ክዳን ቀድተው ጨመሩ። ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት ከግርጌው የቀረው ሌላ ክዳን እንኳ እንደማይሞላ አየሁ።

"ይተዉት እትዬ፤ ለእርስዎ ያስፈልጋል። እኔ ከተማ ገብቼ እታጠባለሁ።"

"ጭቃ የረገጠ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።"

እግሬን ያዙት። ትርንጎ እንዳስተማረቻቸው ከቁርጭምጭሚት ጀምረው ወደ ታች፣ ከዚያ በጣቶቼ መሐል አንድ በአንድ። በንጹሕ ጨርቅ አደረቁልኝ። ዋናው ማድረቁ እንደሆነ፣ ጣት መሐል ርጥበት ከቀረ ቁስሉ ከዚያ እንደሚጀምር እየነገሩኝ ነው። እኔ ይህንኑ ትምህርት በወረቀት አዘጋጅቼ አውቃለሁ። ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

"ትናንት ጫማዎ የት ነበር?" አልኋቸው።

"ከጓሮ፣ አጥሩ ላይ። በአዘቦት ጭቃ ሲረግጥ ነው የሚሰነብት፤ በዋዜማው አጥቤ አሰጣዋለሁ። በነሐሴ ደግሞ በአንድ ቀን የት ይደርቃል? ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬን ታጥቤ፣ አፈር እንዳልረግጥ በዓሉን ደጅ ሣሩ ላይ ነው የምውል።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቁኝ? እናንተ የምትመጡ በዓል በዓል ነው።"

ቀድሞ እሳቸውም ጫማውን እንደ ሌላው ሰው ሣጥን ውስጥ ያኖሩት እንደነበር ነገሩኝ። ታዲያ በአንድ ክረምት ምች የሚሉት ትኩሳት እግራቸውን ይዞ ወር ሙሉ አልጋ ላይ አዋላቸው፤ ጤፋቸው ሳይታረም ቀረ። ከዚያ በኋላ ጫማውን ለማሳው አደረጉት። ጎረቤት ስቆባቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም በባዶ እግር መሄዱ ያሳፍራቸዋል። ግን ሁለት ክረምት ያለ ምች አልፏል። የቀበሌዋ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጥንድ ብቻ አለው፤ ሌላው ሰው ለክብሩ አደረገው፣ እሳቸው ለእግራቸው።

ትርንጎ ከጭቃው ያወጣችልኝን ጫማ ጠርገው ሲያቀብሉኝ፣ "እውነት ነው ወይ፣ መታጠቢያው ከዓርብ ወዲያ ይቀራል የሚሉት?" አሉኝ።

"ይወሰናል ተብሏል።"

"ጫማውስ እየሰፋሁም አደርገዋለሁ። በረኪናውና ቅባቱ ከቀረ ግን ያ ምች ይመለሳል። እኔ ወደዚያ አልጋ መመለስ አልፈልግም።"

አፈርሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት እኒህን ሴትዮ ለጫማው አለመጥቀም ምስክር አድርጓቸዋል። የመጨረሻ በረኪናቸውም እግሬ ላይ ነው።

የገብርኤሉን ገጽ ሰረዝሁትና ከትርንጎ ጋር አሥሩን ሰው ከየማሳው እየዞርን እንደገና ጠየቅን። ምን አድርገው እንደሚያርሙ፣ ምን አድርገው እንደሚያርሱ ብቻ። ስንጨርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ወንዙ ጎድሎ ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤቴ

ሉማሜ ላይ ኔትወርክ ሳገኝ ለአስተባባሪያችን ደወልሁ። "ረቂቁ እኮ ተልኳል። የአንተ ፊርማ ለደንቡ ነበር" አለኝ። አልፈርምም አልሁት። "እንግዲያው ምክንያትህን ዓርብ ራስህ ትናገራለህ" ብሎ ዘጋው።

ባለቤቴ ሳልደውል በማደሬ የልቧን ከተናገረች በኋላ ጭቃ ጫማህን ከደጅ ተወው አለችኝ። ሳወልቅ መደርደሪያውን አየሁት። የሥራ አለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ የዝናብ አለኝ። እኔ ራሴ ጭቃ ልረግጥ ስነሣ የትኛውን አደርጋለሁ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። መጠይቁን ስጽፍም ሰው ሁሉ እንደ እኔ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ በስብሰባው ላይ ያልሁት አጭር ነው፦ ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ፣ ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። የሚገባ ጥያቄ ነውና አልተከራከርሁም። ከብዙ ክርክር በኋላ የእግር እጥበቱ እስከ አዝመራ እንዲቀጥል፣ እስከዚያም ጥናቱ በአዘቦት ቀን እንዲደገም ተወሰነ። ሁለተኛ ጥንድ ጫማ ይሰጥ ያልሁት አልጸደቀም። ለቀጣይ ይታያል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነገር የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ለሙያ ባልደረቦቼ የሚያኮራ አይደለም። መልሱ ማሳው ላይ ነበር፣ ትርንጎ ታውቀው ነበር፣ እኔ ደግሞ ቦታ አልተውሁለትም ነበር።

ቅዳሜ ትርንጎ ለገበያ ሉማሜ ወጥታ ደወለችልኝ። በረኪናው ሰኞ እንደሚላክ ነገርኋት።

"ለእትዬ ያልጋነሽ እነግራታለሁ። ጋሼ፣ እሷም መልእክት ልካልዎታለች።"

"ስለ ጫማው ነው?"

"አይደለም። ከሄዱ ወዲህ እግራቸውን አጥበው፣ የጣታቸውን መሐል በደንብ አድርቀውታል ወይ ጠይቂልኝ ብላኛለች።"

"አድርቄዋለሁ በያቸው" አልኋት።