የሬድዮው ልጅ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ ጥላ፣ ሰላም ሳትለኝ መኝታ ቤት ገባች። ምሳ አቀረብንላት፣ አልበላም አለች። ቀስ ብዬ ሳጣራ፣ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የወጣቶች ድራማ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ሞቷል። መልኩን እኔም አውቀዋለሁ፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው። እናቷ ከሥራ ገብታ ነገሩን ስትሰማ ተናደደች። ዘመዷ ያልሆነ፣ በዓይኗ አይታው ለማታውቀው ሰው ምሳ መተው ምን የሚሉት ቅብጠት ነው እያለች ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታንኳኳ ጀመር።

እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፈገግ አልኩ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ አያ ይማም ትዝ አለኝ።

እኔ በሶልያና ዕድሜ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከትልቁ ድርቅ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ቆቦ ውስጥ ቴሌቪዥንን በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። ሬድዮ ግን ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሬድዮ ደግሞ የአያ ይማም ነው። አያ ይማም ከደሴ በኩል በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ ቆቦ የቀረ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። እዚሁ አገባ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ ልጅ አልወለደም። በከተማችን አንድ የሥጋ ዘመድ አልነበረውም። ያለው ነገር ቢኖር ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለችው ሻይ ቤቱና ሚስቱ በሠራችለት የዳንቴል ልብስ የተሸፈነው ትልቅ ሬድዮ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር። ቸርነት የሚባል ጎረምሳ ከገጠር አዲስ አበባ ሄዶ ቁጡ አክስቱ ቤት እየኖረ ይማራል። በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። ግን ያ ልጅ አፉን ሲከፍት ማን ዝም ይላል? አክስቱ በተቆጣችው ቁጥር የሚመልስላት መልስ ሰኞ ጠዋት በየክፍሉ ይደገማል። አንዳንዶቻችን እናቶቻችን ላይ ሞክረነው በኩርኩም ተመልሰናል።

ችግሩ ሴት ልጅ ሻይ ቤት አትቀመጥም። አያ ይማም ለዚህም መላ አበጀ። ከቤቱ ጀርባ ካለችው ትልቅ ቁርቁራ ሥር አግዳሚ ወንበር ደረደረ፤ ሬድዮውን በጓሮ መስኮቱ ላይ ወደ እኛ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ሻዩንም በመስኮት ያቀብለናል። ማንም ቢጠይቀን ሻይ ቤት አልገባንም፤ ቁርቁራ ሥር ነው የተቀመጥነው። ጥቅምት ላይ ጥንቅሽ ሲደርስ ከየማሳው ታቅፈን እንመጣለን። ድራማው እስኪጀምር ድረስ እየላጥን ስናኝክ አያ ይማም በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ከብት ያስገባሁ መሰለኝ ይለናል። ልጣጩን ግን ጠርጎ የሚያወጣው እሱው ነበር። የሻዩ የቅርንፉድ ሽታ፣ የጥንቅሹ ውኃ በክንዳችን ሲወርድ፣ ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ፣ ዛሬም ድረስ እሁድ በመጣ ቁጥር አፍንጫዬ ሥር አለ።

ለሬድዮው የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አያ ይማም እሁድ ጠዋት ድንጋዮቹን ያወጣና ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። የቆቦ ፀሐይ ለሌላ ነገር ብትረገምም ለዚህ ትመሰገናለች። ሞቅ ሲላቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፤ ድራማው መጨረሻ ላይ ግን ድምፁ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሁላችንም ተነሥተን ጆሯችንን ወደ መስኮቱ እንደቅናለን።

አባቴ ይህን ሁሉ አይወድም ነበር። እሱ የቅሬያችን ዳኛ ነው። ቅሬ በእኛ አገር የቀባሪዎች ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ያስነፋል፣ ዳስ ይጥላል፣ ይቀብራል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ክርስቲያን እስላም አይልም። አባቴ በዚያ ሹመቱ በጣም ይጠነቀቅ ነበርና ጓሮ ተቀምጦ ሬድዮ ማዳመጥን የሥራ ፈት ነገር ነው ይለዋል። እሱ ራሱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልብሱን ሊያሰፋ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል። ያን ዘመን የአባቴ ኮት አዝራር ጎድሎት አያውቅም።

አንድ ረቡዕ ቀን፣ ከዜና በኋላ ሬድዮው አጭር ነገር ተናገረ። ቸርነትን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ባደረበት ሕመም ማረፉን፣ መቀበሩንም ጭምር። እውነተኛ ስሙን የሰማነው ያን ዕለት ነው። ጓደኛዬ ዘሀራ ሩጣ ቤታችን መጥታ ስትነግረኝ የያዝኩትን ሰፌድ ከነጤፉ ጣልኩት። ሳቅ አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፣ ከአፌ ምን እንደወጣ አላውቅም። መልኩን አይተን የማናውቀው ልጅ ነው፤ ረጅም ይሁን አጭር፣ ጠይም ይሁን ቀይ አናውቅም። ግን እኮ ቤታችን ውስጥ ካሉት ወንድሞቻችን ይልቅ የሱን ሳቅ እናውቀው ነበር።

ሴቶቹ ተሰብስበን መከርን። ለብቻችን ተደብቀን ማልቀስ አልበቃንም፤ እንደ ሰው ለቅሶ እንዲደረግለት ፈለግን። ያን ጊዜ ሰው ሲሰበሰብ ቀበሌ ማስፈቀድ አለበት፤ ለቅሶ ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም። የሚያስፈልገው ቅሬው ጥሩምባ እንዲያስነፋ ነው። ዘሀራ ደፋር ነበረችና ዓርብ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ግራር ሥር መርታን ሄደች። ቅሬ ውጡ ይባልልን አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቅ አፈነው። አባቴ ግን አልሳቀም፤ በሽመሉ መሬቱን ይጭር ጀመር።

«ለቅሶ ባለቤት ያስፈልገዋል» አለ በመጨረሻ። «መጥተን ያጥናችሁ የምንለው ማንን ነው? ባለቤቱ ማነው?»

እህቶቹ ነን ብንል ሐሰት ነው። ሚስቶቹ ነን ብንል ደግሞ በዚያው ሽመል እንነረት ነበር። ልንመለስ ስንል ከኋላችን «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማን። አያ ይማም ነው። ተከትሎን መምጣቱን አላየንም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይማም አንተ ቸርነት የሚባል ልጅ ከየት አመጣህ ብሎ ቀለደበት። አያ ይማም ደግሞ ይህ ነገር ወሎ ውስጥ ይጠየቃል እንዴ፣ የገዛ አጎቴ ገብረ ማርያም አይደለም ወይ አለው፤ ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ ወደ አባቴ ዞረ።

«እሁድ እሁድ ቤቴ ይመጣል። እሱ ሲመጣ ቤቴ በልጅ ይሞላል። የወለደ ሰው ከዚህ ሌላ ምን አገኘ?»

አባቴ እናስብበታለን ብሎ ተነሣ። ቤት ስንገባ እግር እግሩን እየተከተልኩ ለመንኩት። ቅሬው ስንቱን ክፉ ቀን ያሳለፈ ነው፣ ዛሬ ለሬድዮ ድምፅ ጥሩምባ ካስነፋሁ ነገ አንዱ በሬዬ ሞተ ብሎ ይመጣል አለኝ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አያ ይማም ግን አባቴን አልጠበቀም። ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤቱን ዘጋ። ቁርቁራው ሥር ሰሌን አነጠፈ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሟች ገበሬ ከሆነ በትሩና ጠመንጃው፣ ሴት ከሆነች ቀሚሷ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ከቸርነት ምን ይውጣ? አያ ይማም ሬድዮውን አውጥቶ በርጩማ ላይ አስቀመጠና ነጭ ነጠላ አለበሰው። ድንጋዮቹን አስቀድሞ አውጥቷቸው ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሬድዮ አይከፈትምና። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሄድን። ከእኛ በቀር ግን ማንም አልመጣም። መንገደኛው በአጥሩ ላይ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አያ ይማም የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይልና፣ ኮቴው ሲያልፍ መልሶ ያቀረቅራል። ያኔ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። ልጄ ሞተ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ጎረቤት ሳይደርስለት ለቅሶውን ካነሣ፣ ሰኞ በምን ፊቱ ሻይ ያፈላል? ዘመድ እንደሌለው በአደባባይ ተነገረው ማለት ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት፤ አያ ይማም ብቻውን ነው አልኩት። ያን ማታ እራቱን እምብዛም አልበላም።

እሁድ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ እኛም ማልቀሱ ደክሞን፣ የቁርቁራ ፍሬ ከሰሌኑ ላይ እየለቀምን ሳለ፣ ከገበያው በኩል ጥሩምባ ተነፋ። በመጀመሪያ ሌላ ሰው የሞተ መስሎን ደነገጥን። ከዚያ የጠሪው ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ የይማም ልጅ አርፏልና ቅሬ ውጡ ይላል። ዘሀራ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አያ ይማም ወደ ጓሮው በር ዞረ።

አባቴ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነው በጓሮ በር ገቡ። አባቴ ሽመሉን ከበሩ አስደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ አያ ይማም ፊት ጎንበስ አለ።

«ያጥናህ፣ ይማም።»

አያ ይማም «አሚን» አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም አሉት። ሴቶቹ እንጀራውንና ንፍሮውን ተሸክመው ደረሱ፤ እናቴም ከመጀመሪያዎቹ ነበረች፤ ንፍሮውን ከማለዳ ጀምራ መጣዷን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጓሮው ሞላ። ልብስ ሰፊውም ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ወደ ፀሐይዋ አንጋጦ፣ ሰዓቱ አልደረሰም ወይ ብሎ ጠየቀ። የምኑ ሰዓት ተባለ። ወደ ሬድዮው በአገጩ አመለከተ። አያ ይማም ግራ ገብቶት ለቅሶ ቤት ሬድዮ እንደማይከፈት፣ ደንቡንም ራሱ አባቴ እንደሚያስከብር አስታወሰው።

«የሟች ኑዛዜ ግን ይሰማል» አለ አባቴ።

እንዲህ ብሎ ከጋቢው ሥር የሌሊት መንገድ የሚሄድበትን የእጅ ባትሪ አወጣ። ክዳኑን ፈትቶ ድንጋዮቹን መዳፉ ላይ አፈሰሳቸው። የአንተዎቹ እኮ መጨረሻ ላይ ይደክማሉ፣ የልጁን ነገር ሁልጊዜ ከአፉ ነው የሚቆርጡብን አለ። ይህን ሲል ልብስ ሰፊው መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ፤ እኔም የዚያ ሁሉ አዝራር ነገር ወለል ብሎ ታየኝ።

ሬድዮው ተከፈተ። አስቀድሞ የተቀዳ ክፍል ኖሮ ቸርነት እንደ ሁልጊዜው መጣ። ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም። አክስቱ ወጡ ለምን አረረ ብላ ትጮህበታለች። እሱም ረጋ ብሎ፣ ወጡን እይልኝ ብለሽኝ ሲያርር እያየሁት ነበር፣ አማስል ግን አላልሽኝም ይላታል። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ በመጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከት ብሎ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ንፍሮ የያዙት ሴቶች፣ ከዚያ ጓሮው በሙሉ። እስከ ዛሬ ብዙ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ግን የትም አልሰማሁም። አያ ይማምም አብሮን ሳቀ፤ ሲስቅ ሲስቅ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ አባቴም እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ድራማው እስኪያልቅ አላነሣውም።

ድምፁ እስከ መጨረሻው አልቀጠነም።

ከዚያ ወዲህ አያ ይማም ቆቦ ውስጥ ልጅ ቀብሮ እንደሚያውቅ ሰው ሆነ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ልጅ ለሞተባት እናት አጽናኝ ሲፈለግ እሱ ይጠራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ አባቴ በሕይወት አልነበረም፤ አዲሱ የቅሬ ዳኛ ባለቤቱ ማነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጅ ታቅፈን፣ አንዳንዶቻችን ነፍሰ ጡር ሆነን፣ እነዚያ የቁርቁራው ሥር ሴቶች በሙሉ ተነሣን። ዳኛው ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ሻይ ቤቷ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ናት። ቁርቁራዋ ግን አለች፤ ባጃጆች ጥላዋ ሥር ቆመው ሰው ይጠብቃሉ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቆይቼ ልጄ ጓዳ ውስጥ ማጉረምረሟን ሳታቆም ተነሣሁ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና የሶልያናን በር አንኳኩቼ ገባሁ። አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ ስልኳን ይዛለች። የምቆጣት መስሏት ፈጥና ዓይኗን ጠረገች። ወንበር ስቤ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ያጥናሽ፣ ልጄ» አልኳት።

ነጠላዬን አየችው፤ ከዚያ ፊቴን አየች።

«እማማ፣ አንቺ አታውቂውም እኮ።»

«እኔ ለቀስተኛ ነኝ» አልኳት። «የለቅሶው ባለቤት አንቺ ነሽ።»

ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እንደ ልቧ አለቀሰች። ሲወጣላት ጓደኞቿ ማታ ሊመጡ እንደሚፈልጉ፣ ግን እናቷን እንደፈሩ ነገረችኝ። ይምጡ አልኳትና ንፍሮ ልጥድ ወደ ጓዳ ሄድኩ።