የምትጠብቀኝ መኪና

ከገነተ ማርያም የወጣሁ ለት ማታ እናቴ ስንቄን ስትቋጥር አባቴ ደጅ ወጥተው የጭነት መኪናችንን መስታወት ይጠርጉ ነበር። ጭቃው በማግስቱ ተመልሶ እንደሚለጠፍባት እያወቁ ጠረጉላት። ከዚያ ገብተው ቁልፉን ምሰሶው ላይ ሰቀሉና፣ "እስክትመጣ ነው የምነዳት። መኪናዋ ትጠብቅሃለች" አሉኝ።

አገር ቤት የቀራችሁም፣ እዚህ ጅቡቲ ከኔ ጋር በላብ የምትጠመቁም፣ እንዳትስቁብኝ፤ ሰው አገሬ ሲል የየራሱን ነው የሚያስበው፣ እኔ የማስበው ያችን አሮጌ መኪና ነው። ከፍላቂት ገብስ፣ ከወልዲያ ቆርቆሮ ስናመላልስባት ነው ያደግሁት። በኋላ ናፍጣ በጀሪካን ተደብቆ የሚሸጥ ነገር ሆነ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ለሁለታችን የሚሆን ሥራ አጣች። አንዳችን መውጣት ነበረብን፤ አባት ደግሞ አይሰደድም።

ከወልዲያ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ በሰው መኪና ጋቢና ተሸጉጬ ሄድሁ። ሾፌሩ በየኬላው "ረዳቴ ነው" ይላል፤ እኔም ረዳት ለመምሰል እየወረድሁ ጎማ እረግጣለሁ። ጅቡቲ እስክንገባ ያልረገጥሁት ጎማ የለም።

እኛ ዘንድ ሞተር በውርጭ አልነሳም ሲል ስንለማመጠው ነው የሚረፍድ። እዚህ ቁልፍ ሳይነካው ሊነሳ ይቃጣዋል፣ ብረቱን ግን በእጅ አትነካውም። ውሃው ከቧንቧ የሚወርደው ሞቆ ነው። ባጌት የሚሉት ዱላ የመሰለ ዳቦ አለ፤ ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ። ሆድ ይሞላል፣ አንጀት ግን አያርስም።

በመጣሁ ሰሞን አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆመኝና "ፓፒዬ!" አለ። ወረቀትህን አምጣ ማለቱ ነው፤ እዚህ ከስምህ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።

"በሂደት ላይ ነው" አልሁት።

"ሥራህስ?"

"መካኒክ።"

"የኔም መኪና በሂደት ላይ ናት፤ ግን አትነሳም" አለና በተሰባበረ አማርኛው እያወራ ጋራዥ ድረስ ተከተለኝ። የሱ መኪና በዚያው ቀን ተነሳች። የኔ ወረቀት ዛሬም በሂደት ላይ ነው። ያለሱ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ ስለዚህ "ለፋሲካ እመጣለሁ" እላለሁ፣ ፋሲካውም ያልፋል።

የጋራዡ ባለቤት ዋይስ የሚባል የአገሩ ሰው ነው። መጀመሪያ የሰጠኝ ናፍጣ የምታንጠባጥብ ከባድ መኪና ነበረች። እኔም እንደ ላስታ ሰው ሳሙና ፈለግሁ። እኛ አገር የተሰነጠቀ ታንከር በደረቅ ሳሙና ይለሰናል፤ ናፍጣ ሳሙና ስለማያሟሟ ካሰቡበት ያደርሳል። ዋይስ ሳሙናውን ሲያይ "ልታጥባት ነው?" አለኝ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን አስተማረኝ። ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ አይደለም፤ ከላይ ወጥቶ ቱቦ ለቱቦ ይንሸራተትና ሌላ ቦታ ይወድቃል። ሞተሩን በጨርቅ አደረቀው፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት፣ አስነሳው። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጋራዥ እያለሁ አባቴ ደወሉ፤ እዚህ የሚታረፈው ዓርብ ነው።

"መኪናዋ ናፍጣ ታንጠባጥባለች። ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለትም አምጥታለች።"

"ምን አደረጉላት?"

"የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን አጠበቅሁት። ሳሙናም ለስኛለሁ።"

ደነገጥሁ። የሚያፈሰው ቦታ ሞተሩ ሲጠፋ አየር ያስገባል፤ በዚያ ላይ ስታስጨንቃት ከርመህ ናፍጣ የሚገፋላት ፖምፓ ከሄደ እዚያ የሚሠራልህ የለም። መኪናዋ ቆመች ማለት የኔ መመለሻ ቆመ ማለት ነው።

"ሳሙናውን ይጥረጉት አባዬ። ሁሉንም በጨርቅ ያድርቁና ፓውደር ይነስንሱበት።"

"ፓውደር ከየት ይመጣል? አመድ ላርግ?"

"አመድ ብረት ይበላል። የገብስ ዱቄት ያድርጉበት።"

እናቴ ከኋላ ሰማች። "እግዚኦ! እህል በናፍጣ? እዚያ ሄደህ የተማርኸው ይኼን ነው?"

"እማዬ፣ አንድ እፍኝ ብቻ።"

"እፍኝስ እህል አይደለም?" አለች፤ ቀጥላም፣ "ለዶሮዎቹ ያልሁት የወፍጮ ጥራጊ አለ። እሱን ውሰዱ።"

ሞተሩ ደርቆ ዱቄቱ ከተነሰነሰበት በኋላ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አባቴ አረጋገጡና እናቴ ቁልፉን አዞረች። ከብዙ ማጓራት በኋላ ተነሳች። እጅዎን ናፍጣ ወደሚረጩት ኖዝሎች ቱቦ እንዳያስጠጉ፣ በግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል እያልሁ በስልኩ እጮሃለሁ።

"ከፊልትሮው አይደለም!" አሉ አባቴ። "ከላዩ ነው፤ ቱቦው በቡሎን ከታሰረበት።"

"ከቡሎኑ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት፣ ሮንዴላው ነው። ሞተሩን አጥፍተው ይፍቱት። ናፍጣውን በደንብ ጠርገው እሳት ላይ እስኪቀላ ያግሉት፤ ሲበርድ ይለሰልሳል።"

"ብረት በእሳት ይጠነክራል እንጂ።"

"መዳብ ይለሰልሳል አባዬ። ሲመልሱት ደግሞ ከልክ በላይ እንዳያጠብቁት። በእጅ ፖምፓውም ናፍጣውን እየገፉ የገባውን አየር ያስወጡ።"

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወሉ። "ስማ" አሉና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጉት። ሳላያት ድምጿን ለየሁት፤ መጀመሪያ ሳል ሳል ይላታል፣ ከዚያ ትረጋለች። ጋራዡ መሐል ቆሜ እንባዬ መጣ።

"ዱቄቱ ደረቅ ነው! ጠብታ የለም! ተባረክ፣ ከሰውየው ፊት ከማፈር አዳንኸኝ።"

"ከየትኛው ሰውዬ?"

"ወገል ጤና ከተማ ካለው ሰውዬ። ነገ መጥቶ ይወስዳታል። የምታንጠባጥብ መኪና ለሰው እንዴት እሸጣለሁ?"

"ትጠብቅሃለች ብለውኝ ነበር።"

"ጠበቀችህ እኮ ልጄ። ዓይኔ መንገድ አልለይ አለ፤ አንተም ለፋሲካ ስትል ፋሲካው አለፈ። ቆማ ከምትዝግ ሰው ይሥራባት።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንሁት። ሞተሩ ከኋላቸው ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ገና እንዳያጠፏት።"

"ናፍጣ ይፈጃል እኮ" አሉኝ። ግን አላጠፏትም።