የወይራ ቦኮላ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ሚኒባስ ጋራዥ ገባና፣ እኔም እንደ ልማዴ አላስችል ብሎኝ ተከትዬው ሄጄ፣ መካኒኩ የፊት ጎማውን ፈትቶ የጠቆረውን ግራሶ በጣቱ ዝቆ ሲያወጣ ያ የተቃጠለ ዘይትና የዛገ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። መካኒኩ ጨዋ ልጅ ነው፤ "ማዘር፣ ይሄ ቦኮላ ተበልቶ አልቋል፤ አዲስ ይግባ ወይስ አሮጌውን ቶርኖ ቤት ልከን እናስሞላው?" አለኝ። ልጄ ከዘንዘልማ ሰው እየጫነ የሚመላለስ ነው፤ ስልኩን ሳያነሣ ከቆየ እህል የማይወርድልኝ ሰው ነኝና ሳላቅማማ አዲስ ይግባ አልሁ፤ አዲስም ገባ። ሽታው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ፤ "አዲስ ይግባ" ማለት እንዲህ በቀላሉ ከአፍ የማይወጣበትን ዘመን ይዞብኝ መጣ።

በደርግ ጊዜ አባዬ አንዲት አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረችው። ከይፋግ እህል ጭኖ ባሕር ዳር ያራግፋል፤ ሲመለስ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይጭናል። ግቢያችን ለሐይቁ ቅርብ ስለነበር ጠዋት ጠዋት የረጠበ ደንገልና የዓሣ ሽታ በአጥራችን ላይ ይገባል፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር የቆመችው መኪና ደግሞ የእህል አቧራና የናፍጣ ሽታዋን ይዛ ትጠብቀዋለች፤ እኔ እስካሁን ድረስ አባት ማለት በአፍንጫዬ ይህ ነው። ወንበሯ ተቀዶ ጭዱ ወጥቶ ነበር፤ እኛ ልጆች እየመዘዝን ለዶሮዎች ጎጆ ስለምንሠራበት አባዬ በመጨረሻ የሚቀመጠው በሽቦው ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ እሱም የትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ነበር፣ መሪው በአባዬ እጅ ላይ እንደተያዘች ዶሮ ይንፈራገጥ ጀመር። የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዝ ፔርኖ የሚሉት ወፍራም ብረት አለ፤ እሱ የሚዞርበት ቀለበት ደግሞ ቦኮላ ይባላል። የእኛዋ ቦኮላዋ ተበልቶ ጎማዋ ወዲያ ወዲህ ይላል።

አዲሱ ዕቃ በገበያ የለም፤ ያለው በመንግሥት ጋራዥ ነው፤ ጭነት የሚያድለው የሾፌሮች ማኅበር ከፈቀደ መኪናዋን አስረክቦ ማስቀየር ይቻላል። ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። ጎረቤታችን ጋሽ ደሴ ግን እንዲሁ አንድ ነገር ሊያስቀይር ያስገባት መኪና ታድሳ፣ የወታደር ቀለም ተቀብታ ወጣችና ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ታዘዘች፤ መኪና ሲሄድ ሾፌሩም አብሮ ነው። ጋሽ ደሴ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም፤ ሚስቱ እትዬ ባንቺ ከሰሜን የመጣ ሾፌር ሁሉ ፊት እየቆመች ስትጠይቅ አርጅታ፣ ለቅሶ ሳትቀመጥለት እሷው ቀድማ ተለቀሰላት።

እንግዲህ በእኛ ቤት መቀየር ማለት አባዬን መስጠት ነበር። መጠገን ማለት ደግሞ ጎማዋ አንድ ቀን ወልቃ አባዬን ከነጭነቱ ከጉማራ ድልድይ ይዛው ልትወርድ ትችላለች ማለት ነበር። አባዬ ሁለቱንም ፈርቶ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ ዋለ። እናቴ ግን ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ "ጋራዥ አትገባም!" አለችው።

"መንገድ ላይ ብትገለብጠኝስ?"

"የማላውቀው አገር ከምትቀርብኝ፣ የማውቀው ድልድይ ላይ ውደቅልኝ፤ ቢያንስ ሄጄ አነሣሃለሁ።"

ዱሮ ሾፌሮች ሜዳ ላይ ቦኮላ ሲያልቅባቸው ወይራ ጠርበው ያስገቡና እንደምንም እስከ ከተማ ይደርሱ ነበር። አባዬ ይህን የቸገረው ሰው ሥራ ነው ብሎ ያፍርበታል፤ እናቴ ግን እስከ ከተማ ካደረሰ በደንብ ከተሠራ እስከ ይፋግም ያደርሳል ብላ ያዘች። መቋሚያ የሚጠርቡ መሪጌታ ጎረቤታችን ነበሩና የደረቀ ወይራ ለምና አስጠረበቻቸው። እንጨቱ እንዲያሟልጭ ቅባት መጠጣት ስላለበት እናቴ የበሬ ሞራ አቅልጣ ነከረችው፤ አባዬም አስገባው። በማግሥቱ ጠዋት ስንወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ግቢያችን ገብቶ የፊት ጎማችንን ይልሳል፤ አንዱማ ጎማውን እንደ አጥንት አቅፎ ተኝቷል። መሪጌታ ሊያዩ መጥተው ሞራ መሆኑን ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። "በዐቢይ ጾም? እኔ ይህን በእጄ አልነካም! ደግሞስ ምን ብትበድልሽ ነው የምታስፈስኪያት?" አሉ። እኛ ልጆች በሳቅ ሞትን፤ እናቴ ግን አልሳቀችም፤ እንደገና አስጠርባ በኑግ ዘይት ቀቀለችው። ኑጉ እስከ እንጨቱ ልብ ጠልቆ ገባ፤ ቦኮላው እንደ ቀንድ ጠቁሮ ጠነከረ፤ መሪውም ረጋ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ማኅበሩ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ሰዎቹን አስከትሎ ግቢያችን ገባና ጎማዋን በጫማው ነካ አድርጎ፣ "ሾፌር፣ መኪናህ የእንጨት እግር ተከለች አሉ! በል ነገ ጋራዥ ትገባለች፤ ጓዶች አንተንም ሆነ እሷን ይፈልጓችኋል" አለው። አባዬ አንገቱን ደፋ። እናቴ የሳሙና አረፋ ከክንዷ ሳይደርቅ መጣች።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ በደንገል ታንኳ ሐይቅ የሚሻገር ሕዝብ ሲያስተዳድሩ ኖረው፣ ወይራ ምን አስፈራዎት?"

"ታንኳ የሚሰጥመው ባለቤቱን ይዞ ነው፣ እመቤት። ይቺ የሕዝብ እህል ነው የምትጭነው፤ ብትወድቅ አንቺ ትጠየቂያለሽ?"

"እጠየቃለሁ። እስከ አፏ ጫኗትና ዐባይን ትሻገር። እኔም ከነልጆቼ ከፊት እቀመጣለሁ። ጎማዋ ከወለቀ እኛኑ ይዛ ትግባ። ካልወለቀ ግን ጭነቷን ትሰጧታላችሁ፤ ጋራዥ የሚል ቃል ሁለተኛ ደጃፌ እንዳይደርስ!"

አጥሩ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተደርድሮ ያይ ነበር። ሰውየው ሳቅ አለ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቢ ማለት ግን ከበደውና "እናያለን" ብሎ ወጣ።

ጤፍ በጆንያ ተጭኖ፣ ታናሽ ወንድሜ በእናቴ ጭን ላይ፣ እኔ በእሷና በማርሹ መካከል ተጣብቄ፣ የማኅበሩ ሰዎች በሌላ መኪና እየተከተሉን ድልድዩ ላይ ወጣን። ከታች ዐባይ በድንጋዮቹ መካከል ያበራል፤ ጉማሬ አያለሁ ብዬ አንገቴን ሳሰግግ እናቴ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። አባዬ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መካከል ላይ ስንደርስ ጎማው አንዴ ቋ አለ፤ አባዬ ወደ እናቴ ዞረ፤ እሷ ግን ዐይኗን ከፊት ሳትነቅል "ንዳ" አለችው። ነዳ። ማዶ ደረስን፣ ዞርን፣ ተመለስን። ሊቀ መንበሩ ወርዶ ጎማዋን በሁለት እጁ ነቀነቀ፤ የሚነቃነቅ የለም። ጣቱ ላይ የቀረውን ቅባት አሸተተና ግራ ገባው፤ "ኑግ ነው እንዴ?" አለ።

"ጾም ነዋ፣ ጓድ" አለችው እናቴ።

ሰዎቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ፤ እሱም "ጭነቷን ስጧት" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እነሱ ከዐይን ሲርቁ እናቴ ወንድሜን ለአባዬ አቀብላ መንገድ ዳር ወዳለ ዋርካ ጀርባ ሄደች፤ ተከትያት ስሄድ ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ያየሽውን ለአባትሽ እንዳትነግሪ" አለችኝ። ያኔ ክንዴን ሳይ የጣቶቿ ምልክት ቀልቶ ተቀምጧል፤ ስንት ቀን ሳይጠፋ ሰነበተ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ማንጎውም ተቆርጦ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ መኪናዋ በመጨረሻ በቁራጭ ብረትነት ተሸጠች፤ እናቴም ካረፈች ቆየች። የማይረባኝ ፍርሃቷ ሁሉ በእኔ ላይ ቀርቷል፤ ፈርታም ቢሆን ማድረግ ያለባትን የማድረግ ድፍረቷ ግን ከእሷ ጋር የሄደ ይመስለኛል። ለልጆቼ ሳወራቸው፣ "እማዬ፣ በልጆቿ ነፍስ ቁማር ተጫወተች እኮ!" ይሉኛል። እኔ ልጆቼን እንዲያ ባለች መኪና ለአንድ እርምጃም አላሳፍርም፤ በእናቴ ላይ ግን ማንም እንዲፈርድባት አልፈቅድም፤ ልጆቼም ቢሆኑ። አባዬ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እሷ በማንኪያ ውኃ እያጠጣችው ሞተ። መቃብሩ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክረምት ሲወጣ ሄጄ ሣሩን የማጭደው እኔ ነኝ።