ጋሽ ደምሴ የሞተው ዛሬ ነው

ጋሽ ደምሴ ዛሬ ጠዋት ሞተ። የኮሙኑ፣ ማለት የማዘጋጃ ቤቱ፣ ነርስ መድኃኒቱን ልትሰጠው ስትገባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ስልክ ቁጥር የእኔ ብቻ ስለነበር የደወለችው ለእኔ ነው። ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። አሁንም አላመንኩም።

እናንተም እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ቅድም ፎቶውን ብቻ ስለጥፍ የመጣው የመጀመሪያ ኮሜንት «ይሄ ሰውዬ ድሮ አልሞተም እንዴ?» የሚል ነው። ሁለተኛው የሳቅ ምልክት ነው።

አልፈርድባችሁም። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ።

ለማታውቁ ልንገር። ይህ ገጽ የጎርፍ ባንድ አድናቂዎች ገጽ ነው። እኛ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳለን፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎርፍ አዲስ አበባ ውስጥ ሃርድ ሮክ ይጫወት ነበር። ጊታሩ ጆሮ ይበጥሳል። ወላጆቻችን የእብድ ጩኸት ይሉታል፤ እኛ ደግሞ እሑድ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ እንጋፋለን። ድራም የሚመታው ደምሴ ነበር።

አንድ እሑድ የደምሴ የድራም ዱላ ለሁለት ተሰበረና ግማሹ በርሮ ግንባሬን ፈነከተኝ። ጠባሳው አለ፤ ፀጉሬ ከሸሸ ወዲህማ በደንብ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ሜዳሊያ ሳሳየው ኖሬያለሁ።

ያኔ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደውሎ ደምሴ አሜሪካ ውስጥ ሞተ አለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ፎቶውን በጥቁር ክፈፍ አድርጌ ለጠፍኩ። ገጹ እንደዚያ ቀን ሰው አይቶ አያውቅም። አልቃሹ በዛ። ጎርፍ ሲጫወት ገና ያልተወለደው ሁሉ ከመድረኩ ሥር እንደነበር ጻፈ።

በመሃል አንድ ፎቶ የሌለው አካውንት ገባ። «አልሞትኩም። ኦስሎ ነው ያለሁት። ደምሴ።»

ሰው ተረባረበበት። በሙት ይቀለዳል ወይ፣ አታፍርም ወይ፣ ተባለ። እኔም አድሚኑ ኮሜንቱን አጥፍቼ ብሎክ አደረግኩት።

በሳምንቱ ቅዳሜ የኦስሎ አድናቂዎች እዚህ ሆልምሊያ ሰፈር አዳራሽ ይዘን ሻማ አበራን። መድረክ ላይ ወጥቼ የዱላውን ታሪክ እተርካለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጃኬቱን እንኳን ያላወለቀ፣ እጁን አነሳ።

«መሐረቤንስ ምን አደረግከው?» አለኝ።

ዱላው በፈነከተኝ ቀን ደምሴ ከመድረክ ወርዶ ደሜን የጠረግኩበትን መሐረብ እንደሰጠኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ እንዳታየው ብዬ መንገድ ላይ ጥዬው ነበር።

ሽማግሌው ስሙን ተናገረ። ቤቱ ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ እንደሆነ፣ ማዮርስቱን ሰፈር ቢሮ ሲያጸዳ ኖሮ ጡረታ እንደወጣ ነገረን። አንዱ ኖርዌይኛ እየቀላቀለ «ናይ፣ ናይ፣ አባባ፣ እስቲ ስምዎ ያለበትን ባንክ ኮርትዎን ያሳዩን» አለና አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አውቄዋለሁ። ግን ሻማው በርቷል፣ ንግግሬ በስልክ እየተቀረጸ ነው፣ ሰዉ ያለቀሰው እኔን አምኖ ነው። «ይቀመጡ አባባ» አልኩትና ንግግሬን ቀጠልኩ።

ተቀመጠ። የገዛ ተዝካሩን በልቶ ሲወጣ በር ላይ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ሳትቆጥር ነው የገባኸው» አለኝ።

ድራመሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ካልቆጠረ ባንዱ ወደ ዘፈኑ አይገባም። እሱ ይህችን ቃል ለሁሉም ነገር ይናገራት ነበር። ባቡር አምልጦት፣ የኮሙኑን ደብዳቤ ሳያነብ ፈርሞ፣ ስለ ትዳሩም ሲያወራ «ሳልቆጥር ገብቼ» ይላል።

በማግስቱ ቤቱን አጠያይቄ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ይቅር አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ብሪን ከሚባለው ሰፈር ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ነበርኩ። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ እንዳስተካክልለት። ነገ አልኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ነገ አልኩት። ያ ልጥፍ ከገጹ ልጥፎች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ነው፣ አናት ላይ ፒን አድርጌው ነበር፤ ውሸት ነበር ብል መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በር በከፈተልኝ ቁጥር «ዛሬስ? አሁንም ሞቻለሁ?» ይለኛል። እስቅ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አልጠየቀኝም። ስለ ጉልበቱ ሕመም ብቻ አወራን።

እናንተንም ግን ሳልወቅስ አላልፍም። ለሁለት ሦስታችሁ በሜሴንጀር ነግሬያችሁ ነበር። «ተወው፣ ለምን ትዝታችንን ታበላሻለህ» አላችሁኝ። እዚሁ ሆልምሊያ እየኖራችሁ። ለሞተው ደምሴ አዳራሽ ሙሉ ሰው አለቀሰ፤ ላለው ደምሴ በሩን ያንኳኳ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ውሸታም።

ቀብሩ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሳጥኑን የሚሸከሙ ስድስት ሰዎች ያስፈልጉኛል። እስካሁን አንድ አለሁ። ኮሜንቱን ተዉትና ኑ።

ጋሼ፣ ያንን ልጥፍ ዛሬ አጠፋሁት። ብሎክ ያደረግኳቸውን ዝርዝር ስከፍት ፎቶ የሌለው አካውንትህ እዚያው ነበር፤ እሱንም ፈታሁት። አሁን ገብተህ የፈለግከውን መጻፍ ትችላለህ፣ ማንም አያጠፋብህም።

ማክሰኞ ሳትጠይቀኝ የቀረኸውን ልመልስልህ። አዎ ጋሼ፣ አሁን ሞተሃል። እስከ ትናንት ግን ነበርክ። ደህና ሁን።