ቢላዋው የማን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። «ጓሮ» ከምንለው ግሩፕ ነበር። በቅርቡ የገባች፣ ሻንቶ የምትኖር ሳራ የምትባል ልጅ የአንድ እንሰት ፎቶ ለጥፋለች። የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው? እናቴ ተጨንቃለች፣ የምታውቁ ንገሩኝ» ብላ ጽፋለች።

ፎቶውን ያየው ሰው ብዙ ነው፣ የመለሰ ግን አልነበረም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ስለ እንሰት የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ የዘካርያስ ነበር። ዘካርያስ ባለቤቴ ነው፤ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ቦታውን ማንም ለመያዝ አልደፈረም። እኔም ከቀብሩ ወዲህ እዚያ አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ የሚጽፉትን ግን በየቀኑ አነባለሁ። ጥርሱን ላመመው ቅርንፉድ ያዝዛሉ፣ የሚከራይ ቤት ይጠቋቆማሉ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ምን እንደሚደረግ ይከራከራሉ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሌላውን የጨው ክርክር ማዳመጥ ደግ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለ ይመስላል።

የሳራን ፎቶ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ የመሰለ ፎቶ ለጥፌ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና ማጋመሴ ነው። ሶዶ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር፤ ሲመቸኝ ቅዳሜ ወደ በዴሳ፣ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሚኒባሱ በሰው ትንፋሽና በቅቤ ሽታ የታፈነ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እየቀረበ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ ለበዓሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የተጠበሰ በቆሎዋን ሰብራ ግማሹን ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። ያን የመሰለ በቆሎ ከዚያ ወዲህ የበላሁ አይመስለኝም፤ ምናልባት ዕድሜዬ ይሆናል የጣፈጠው።

አባታችን የሞተው ልጆች ሳለን ነው። እናቴ ያሳደገችን በዚያ ጓሮ ነው ብል አላጋነንኩም። እንሰትን እኛ ኡታ ነው የምንለው። «ሌላው እህል ዝናብ ይጠብቃል፣ ኡታ ግን አንቺን ይጠብቅሻል» ትለኝ ነበር። በቆሎ ባነሰ ዓመት፣ ስኳር ድንች በተበላሸ ዓመት ወደዚያ እንሄዳለን። ሌላ ጎተራ አልነበረንም።

ያን ቀን በጓሮ በር ስገባ እናቴ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። ከእንሰቶቹ የአንዱ የመሐል ቅጠል ጠውልጓል። ቆርጣ ጣለችውና ወደሚቀጥለው አለፈች።

«ምን ሆነ፣ እማ?»

«ዓይን ነው» አለች። «ወይ ፍልፈል ነው። ምን አውቃለሁ። ያኛውም ጀምሮታል።»

ቅጠሉ የተቆረጠበትን ሳየው ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ስለ ግሩፑ ልንገራችሁ። የጀመረችው ሲስተር ወይንሸት ናት፤ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ። ሶዶ ገበያ ጎደሬ ገዝታ በባዶ እጇ ስትልጥ እጇ ሲያሳክካት አደረ፤ በማግስቱ የምታውቀንን ሰብስባ «ያገሩን ነገር የሚያስተምረኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብላ ከፈተችው። ሠላሳ እንኳ አንሞላም ነበር። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ፣ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሰው አሉ። ዘካርያስን ግን በስሙ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ተበላ በምትባል ከተማ የግብርና ባለሙያ መሆኑን ሰምቻለሁ እንጂ መልኩን አላየሁም።

ሶዶ ስመለስ ፎቶውን ለጠፍኩት። ኔትወርኩ እየተጎተተ መልሶቹ መጡ።

«አመድ አልብሱት» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እኛ ቤት እንሰት ሲከፋው አመድ ነው።»

«ፈሳሽ ይውሰድ፣ ዕረፍት ያድርግ፣ ካልተሻለው ወደ እኔ ይላክ» አለች ሲስተር ወይንሸት።

ከዚያ ዘካርያስ ጻፈ፦ «ቢላዋው የማን ነው?»

ተናደድኩ። የሚቀልድ መሰለኝ። «ይቅርታ፣ የጠየቅኩት ስለ እንሰት ነው» አልኩት።

«እኔም ስለ እንሰት ነው የምጠይቅሽ፣ እህቴ። እናትሽ ቅጠሉን የቆረጡበት ቢላዋ የማን ነው? ሌላስ የት የት ይሄዳል?»

ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። በሽታው የሚጓዘው በስለት ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ያስይዘዋል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ ከብት ወደ ጓሮው እንዳይገባ መከልከል ነው። ካልሆነ ጓሮው በሙሉ ይሄዳል አለኝ።

ቢላዋው የእኛ አልነበረም። የጎረቤታችን ንብረት ነበር፤ የምሕረት እናት እንላቸዋለን። በሰፈሩ ደህና ስለት ያለው እሱ ስለነበር ከቤት ቤት ይዞራል። እንሰት የሚፋቀው በደቦ ነው፤ ሴቶቹ ዛሬ አንዷ ጓሮ፣ ነገ ሌላዋ ጓሮ ይሰበሰባሉ፣ ቢላዋውም አብሮ ይሄዳል። አባቴ ሲሞት ሦስት ወር ሙሉ እኛን ያበሉን የምሕረት እናት ናቸው። አሁን እንዴት ብዬ ነው «ቢላዋዎን አልፈልግም» የምላቸው? ባልላቸውስ እናቴ ምን ትበላለች?

ይህንኑ ለግሩፑ ጻፍኩ።

«ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ለየቤቱ አንድ አንድ ቢላዋ። እኔ ጋ ሞልቷል።»

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ለቅሶ ቤትም ሚስማር ይሸጣሉ» አለች ሲስተር ወይንሸት። ከዚያ ቁም ነገር ጻፈችልኝ፦ «እኔ ለእናቶች እጃችሁ ቆሽሿል ብዬ አላውቅም። እነሱ እያዩኝ የራሴን እጅ እታጠባለሁ። አንቺም ከራስሽ ጀምሪ።»

ዘካርያስን «አንተ መጥተህ ብትነግራቸውስ?» አልኩት።

«የቢሮ ሰው ሲመጣ የታመመው ይደበቃል» አለኝ። «ልጃቸው ብትነግር ይሻላል። አይዞሽ።»

ያቺ «አይዞሽ» ቀላል ነበረች፤ ማንም ለማንም የሚላት። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የደቦው ተራ የእኛ ነበር። የምሕረት እናት ቢላዋቸውን በቅጠል ጠቅልለው ቀድመው ደረሱ። እኔ እሳት አንድጄ የእናቴን ትንሿን ቢላዋ ነበልባሉ ላይ ይዣታለሁ። እናቴ አስቀድሜ ስለነገርኳት መሬት መሬት ታያለች።

«ሶዶ ቢላዋ እየጠበሱ መብላት ጀመሩ እንዴ?» አሉ የምሕረት እናት።

«አክስቴ፣ የእኛ ኡታ ታሟል» አልኳቸው። «በሽታው በስለት ነው የሚሄደው። የእርስዎ ቢላዋ እኛን ነክቶ ወደ እርስዎ ጓሮ ቢመለስ ይይዝብዎታል ብዬ ፈራሁ።»

የተቀየሙኝ መሰለኝ። ከዚያ እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«የእናንተ ብቻ መሰለሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔም ከቤቱ በስተኋላ ያሉት ሁለቱ ወድቀዋል። ሰው እንዳያያቸው እበት መጣያው ጋ ከልዬአቸዋለሁ። የተረገመች ይሉኛል ብዬ።»

እናቴ ቀና አለች። «ለእኔም አልነገርሽኝ?»

«አንቺስ ለእኔ ነግረሽኛል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። የምሕረት እናት ቢላዋቸውን ከቅጠሉ ፈቱና ሰጡኝ። «እጀታውን እንዳታቃጥዪ» አሉ። «ሟች ባለቤቴ የጠረበው ነው። ለዚያ ነው ቢላዋውን ሁሉም ቤት የምልከው፤ የሱ እጅ ሥራ ላይ ይቆይልኝ ብዬ።»

ያን ጊዜ የሰማሁት በወጣት ጆሮ ነበር። ደግ አባባል ነው ብዬ አለፍኩት።

ሌሎቹ ሴቶች ሲደርሱ ሁለቱ ራሳቸው ነገሯቸው። እናቴ የታመሙትን ግንድ አንድ በአንድ በእጇ ዳብሳ አስነቀለች፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ሲመሽ በዚያ ሰፈር ደንብ ወጣ፦ ቢላዋ መዋዋስ አይቅር፣ ነገር ግን የተዋሰ ሁሉ ሲወስድም ሲመልስም በባለቤቷ እሳት ላይ ያሳልፈው። ዘግይቶ ሌሎች ግንዶችም ጠውልገውብን ነቅለናል። አብዛኛው ጓሮ ግን ተረፈ፤ እናቴም እስካረፈችበት ቀን ድረስ ከዚያው በላች።

ለግሩፑ ስነግራቸው ጋሽ ወልዴ «ገበያዬን ዘጋሽው» አሉ። ዘካርያስ ግን ጓሮውን በዓይኔ ልይ ብሎ ጊፋታ ዕለት መጣ። ረጅም፣ ጫማው ጭቃ የለበሰ፣ ከጽሑፉ ይልቅ ዓይን አፋር የሆነ ሰው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ቢላዋው የማን ነው ያልከው አንተ ነህ?» አለችው። አንገቱን ደፋ። «ግባ እንግዲህ» አለችው፤ የሥጋ ማባያውን የዳጣ ሳህን ያቀረበችው ከወንድሞቼ ፊት አስቀድማ ለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግሩፑ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሲስተር ወይንሸት ሚዜዬ ነበረች።

ቡድኑ ከዚያ ወዲህ አድጓል፣ ስልካችንም ተለውጧል። ዘካርያስ ግን ለሚጠይቀው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ነበር የሚያስቀድመው። መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ጎረቤት ማወቅ ነበር የሚፈልገው።

እሑድ ዕለት ጫማዬን አወለቅኩ፣ መነጽሬን ፈለግኩ። የምሕረት እናት እጀታውን ሲያሳዩኝ ያሉት ነገር ትዝ አለኝ፤ አሁን በትክክል ገባኝ። ጣቴ ከጻፈ ቆይቷልና እየተሳሳትኩ፣ እያጠፋሁ ጻፍኩ፦

«ሳራ፣ ቢላዋው የማን ነው?»

ከዚያ ጋሽ ወልዴ «አስቴርዬ፣ እንኳን መጣሽልን» ብለው ጻፉ። ከሳቸው በታች የሳራ መልስ መጣ፦

«የጎረቤታችን ነው። ሁሌ የምታውሰን እሷ ናት። ለምን?»

ወንበሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳብኩና መጻፍ ጀመርኩ፦ «እሳት አንድዱና እሷን ጥሯት። ቀሪውን እነግራችኋለሁ። አይዞሽ።»